ከውዱ የማይተናነስ ርካሽ ፋውንዴሽን፣ ለደብረ ብርሃን ብርድም ለሸዋ ሮቢት ሙቀትም

ጠባሴ_ነኝ፦
ሰላም እህቶች፣ እንዴት ከረማችሁ? ታናሽ እህቴን ለጥር ልንድራት ነው። ሰርጉ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ቅልቅሉ ግን በሙሽራው ቤተሰቦች ቤት፣ ሸዋ ሮቢት ነው። ለሙሽራዋ ባለሙያ ተይዟል። እኔና ሌሎቹ ሚዜዎች ግን ራሳችን ነን የምንቀባባው።

የምፈልገው ፋውንዴሽን ነው፤ የፊትን ቀለም አንድ ወጥ የሚያደርገውን ቅብ። ውድ የሚባሉት እንዴት እንደሆኑ አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ የኤስቴ ላውደርን ደብል ዌር ቀብታኝ ነበር። ጠዋት የተቀባሁት እስከ ማታ ንቅንቅ አላለም። ግን እዚያው አገሩ ወደ 50 ዶላር የሚሸጥ ነገር እዚህ ሲደርስ ስንት እንደሚሆን አስቡት። የምንዛሬ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ጭራሽ አይቀመስም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይኼ ነው። እዚያ አገር በፋርማሲና በሱፐርማርኬት ከሚሸጡት፣ እዚህም ኮስሞቲክስ ቤቶች ከሚያመጧቸው መካከል ከነደብል ዌር ጎን የሚቆም አለ? ፊቴ ደረቅ ነው። መልኬ ጠይም ነው። በዚህ ሰሞን ንፋስ የአፍንጫዬ ዳርና ዳር ይላላጣል። ፋውንዴሽን ስቀባ እዚያ ላይ ይቋጠርና ነጠብጣብ ሠርቶ ይቀራል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ስለምንለብስ አንገቱን እንዳያበላሽብንም እፈልጋለሁ። የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

የሸዋሮቢቷ፦
እንኳን ደስ አላችሁ! እኛ ጋ ልትመጡ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ደብረ ብርሃን ላይ ያማረ ሁሉ ጣርማበርን ሲወርድ አያምርም። ዋሻውን አልፋችሁ ደብረ ሲና ስትደርሱ ሹራብ ይወልቃል። እኛ ጋ ስትገቡ ላቡ ይጀምራል። ጥር ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል ብለሽ እንዳትዘናጊ። ሰባት ሰዓት ላይ ድንኳን ውስጥ ሰው ሲሞላ ያለው ሙቀት ሌላ ነው።

እኔ የምጠቀመው የሜይቤሊንን ፊት ሚ ነው፤ ማት ኤንድ ፖርለስ የሚለውን። የቀለም ቁጥሬ 355 ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ከ10 ዶላር ብዙም አይርቅም። የእኔ ፊት ወዛም ነው፤ ቀን ላይ ግንባሬ ያብለጨልጫል። ይኼኛው ግን እስከ ምሽት ይይዝልኛል። ፓውደር ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ጣል አደርጋለሁ። አንቺ ፊቴ ደረቅ ነው ካልሽ ግን ይኼንኑ ውሰጂ አልልሽም።

የጅሩ_ልጅ፦
እኔም እየተከታተልኩ ነው። ግቢ ውስጥ ያለን ሴቶች ሁላችንም የምንጠያየቀው ይኼንኑ ነው። ለምረቃ ፎቶ ሲነሡ ፊታቸው ግራጫ፣ አንገታቸው ሌላ ቀለም የሚሆንባቸው ልጆች ያሳዝኑኛል። ችግሩ የፋውንዴሽኑ ርካሽነት ነው ወይስ የአቀባቡ?

ሙሽራ_አስዋቢ፦
እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ፤ ታገሡኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሙሽራ በማስዋብ ነው የምተዳደረው። ሳጥኔ ውስጥ ውዱም ርካሹም አለ።

መጀመሪያ ለጅሩ ልጅ ልመልስ። ግራጫ የሚያደርገው የቀለም ምርጫው ነው እንጂ ዋጋው አይደለም። ፋውንዴሽን ውስጥ ያለው ቀለም ከጥቂት ነገሮች ነው የሚሠራው። ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ቢጫው፣ ቀዩና ጥቁሩ የብረት ኦክሳይዶች ናቸው። ነጩ በዝቶ ቢጫና ቀዩ ሲያንስ ጠይም ፊት ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እባካችሁ "ያቀላኛል" ብላችሁ ከቆዳችሁ የፈካ ቁጥር አትግዙ። አያቀላም፣ ያገረጣል። የ50 ዶላሩም ቢሆን ቁጥሩ ካልሆነ ያው ነው። በቁጥሩ የተገኘ ርካሽ ፋውንዴሽን፣ ቁጥሩ ከሳተ ውድ ሁልጊዜ ይበልጣል። በዚህ እኔ አልደራደርም።

አሁን ለጠባሴዋ እህቴ። አዎ፣ ጎን የሚቆም አለ። ሎሬያል የሚባለው ኩባንያ ሜይቤሊንን በ1996 እ.ኤ.አ. ገዝቶታል። ውዱ ላንኮም ደግሞ ከ1964 ጀምሮ የእሱ ነው። ሎሬያል ፓሪስም ኒክስም ከዚያው ቤት ናቸው። ቀመራቸው አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ውሃ፣ ሲሊኮን፣ ቀለም፣ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ፤ መሠረቱ ይቀራረባል። ለውዱ ከምትከፍሉት ላይ ቀላል የማይባለው ለጠርሙሱና ለስሙ ነው።

የትኛው ካልሽኝ፣ ፊት ሚ ለደረቅ ፊት ሌላ ዓይነት አለው። ዴዊ ኤንድ ስሙዝ ይባላል። ብዙ ሰው ፊት ሚ አንድ ብቻ ይመስለዋል፤ ሱቅ ውስጥም አንዱን ጠይቀሽ ሌላውን ይሰጡሻል። ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ሬቭሎን ከለርስቴይም እንዲሁ ሁለት ነው፤ አንዱ ለወዛም፣ ሌላው ለደረቅ ፊት። ብዙ ሰዓት መቆየቱ ከሆነ ያንቺ ጉዳይ፣ ከርካሾቹ ከደብል ዌር ጋር የማስተያየው ይኼን ከለርስቴይን ነው። ግን ቶሎ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ላሰራጨው ብትይ አይሰማሽም። ፊትሽን ከፋፍለሽ ነው የምትቀቢው፤ አንዱን ጉንጭ ጨርሰሽ ወደ ሌላው።

የአፍንጫሽ ዳር ጉዳይ ደግሞ የፋውንዴሽኑ አይደለም። የተላላጠ ቆዳ ላይ የትኛውም ይቋጠራል። ከሰርጉ ሳምንት በፊት ጀምረሽ ማታ ማታ ፊትሽን በቅባት አለስልሺው። በዕለቱ ጠዋት ግን ቫዝሊን እንዳትቀቢ። ፋውንዴሽኑ ይንሸራተትብሻል።

የመንዝ_ልጅ፦
ሙሽራ አስዋቢ፣ አብዛኛው ትክክል ነው። "ለጠርሙሱና ለስሙ" የሚለው ግን አይዋጥልኝም።

እኔ ጠቆር ያልኩ ነኝ። ፌንቲ ቢዩቲ በ2017 እ.ኤ.አ. በ40 ቀለም ሲወጣ ለብዙዎቻችን ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ብዙ ኩባንያዎች የጥቁር ቆዳ ቀለሞቻቸውን ያሰፉት። ማክም ቢሆን ውድ ነው፣ ግን የኔን ቁጥር አጥቼበት አላውቅም። ርካሾቹ ጋ ስመጣ ፋብሪካው ጠቆር ያለውን ይሠራል፤ እኛ አገር የሚያስገቡት ነጋዴዎች ግን የፈካውን ብቻ ነው የሚጭኑት። አንድ ሱቅ ገብቼ ጠቆር ያለ ቁጥር ስጠይቅ ሻጩ "እሱን ማን ይገዛል?" አለኝ። እኔ ልገዛ ቆሜ! መሐል ሜዳም፣ ደብረ ብርሃንም፣ አዲስ አበባም ያው ነው። ርካሹ ከውዱ እኩል ነው የሚባለው ቁጥሯ ላለላት ሴት ነው።

ሙሽራ_አስዋቢ፦
እውነትሽን ነው፤ አንድም አልከራከርሽም። እኔም ጠቆር ላሉ ሙሽሮች ከውዱ ሳጥን የማወጣበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ይኼው ነው፤ ጥራቱ ሳይሆን ቁጥሩ ገበያ ላይ ስለማይገኝ።

ሁለት መንገድ ልጠቁምሽ። አንደኛ፣ የኒክስን ካንት ስቶፕ ዎንት ስቶፕ ፈልጊ። 45 ቀለም አለው፤ ጠቆር ባለው በኩል ደህና ይሄዳል። ብላክ ኦፓል ደግሞ ከመነሻው ለጥቁር ቆዳ የተሠራ ነው። ሶማሊያዊቷ ሞዴል ኢማን በ1994 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው ኢማን ኮስሞቲክስም አለ። ሁለተኛ፣ ለሻጩ ቁጥርሽን ጽፈሽ ተዪለት፤ ጓደኞችሽም እንዲሁ ያድርጉ። ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው ሲበዛበት ነጋዴ ያመጣል። እኔ የምገዛበት ሱቅ የለመደው እንደዚያ ነው።

የጅሩ_ልጅ፦
ቁጥሬን በምን ልወቅ? ከጎኑ ያሉት ፊደላትስ ምንድን ናቸው?

ሙሽራ_አስዋቢ፦
ጠይም ሁሉ አንድ ጠይም አይደለም። ወደ ቢጫ የሚያደላ አለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ አለ፣ መሀል ላይ ያለ አለ። የእኛ አገር ሰው ብዙው ወደ ቢጫው ያደላል። ሎሬያል ትሩ ማች ላይ ደብልዩ ካለ ወደ ቢጫው፣ ሲ ካለ ወደ ሮዙ፣ ኤን ካለ መሀል ነው። ማክ ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ ኤንሲ የሚለው ነው ለቢጫው፣ ኤንደብልዩ የሚለው ለሮዙ። ከሌሎቹ የተገላቢጦሽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

ሙከራው እንዲህ ነው። በእጅሽ ላይ አትሞክሪ። እጅና ፊት አንድ ቀለም አይደሉም፤ የእኛ እጅ ፀሐይ ያየ ነው። ሻጩን በጆሮ ጥጥ ጠብታ ታህል ስጠኝ በይው። የተከፈተውን ቴስተር፣ መሞከሪያውን ማለቴ ነው፣ ፊትሽ ላይ አታስነኪ፤ ስንት ሰው ነክቶታል። የተቀራረቡ ሦስት ቁጥሮች መርጠሽ ከመንጋጭላሽ ወደ አንገትሽ ጎን ለጎን አጭር አጭር መስመር አድርጊ። ከዚያ ከሱቁ ውጪ። የሱቅ መብራት ያታልላል። በሩ ላይ ቁሚ፣ መስታወት ያዢ። ከሦስቱ አንዱ የት እንደተቀባ ይጠፋሻል። ያንቺ እሱ ነው።

ግን ወዲያው አትክፈዪ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቂ። አንዳንዱ ፋውንዴሽን አየር ሲነካው ይጠቁራል ወይም ብርቱካንማ ይሆናል። ይኼ ርካሾቹ ላይ በዛ ይላል፤ ውዶቹም ግን ነፃ አይደሉም። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም፤ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።

ከዱባይ_አመጣለሁ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነጋዴ ነኝ፤ አንድ ያልተነሣ ነገር ላንሣ። እዚህ በርካሽ የሚሸጡ "ውድ" ብራንዶች አብዛኞቹ ኮፒ ናቸው። ዋጋው ካልገባችሁ አትግዙ። እኔ ከዱባይ በጅምላ የምገዛበትን ዋጋ ስለማውቅ፣ ከዚያ በታች የሚሸጥ ደብል ዌር ሳይ ማንነቱ ይገባኛል።

ምልክቶቹን ልንገራችሁ። ካርቶኑና ጠርሙሱ ላይ ያለው የምርት ኮድ አንድ መሆን አለበት። ጽሑፉ ላይ የፊደል ስህተት ካለ አልቋል። ሽታው ራስ የሚያዞር ከሆነ ይቅር። የተለመደው ደብል ዌር ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ ፓምፕ አልነበረውም፤ ፓምፑ ለብቻው ነበር የሚሸጠው። ከጀርባው የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ይኖራል፤ ውስጡ 12 ወይም 24 ተብሎ ከተጻፈ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው። ርካሾቹም ኮፒ አላቸው፤ ፊት ሚም ይኮረጃል። ግን ኮፒ የሚሠራው ሰው የሚያተርፈው ከውዱ ስለሆነ እዚያ ይበዛል።

የመንዝ_ልጅ፦
ይኼ በእኔ ደርሷል። የሱቁን ስም አልጠራም። ኦርጅናል ነው ተብዬ በውድ የገዛሁት ፋውንዴሽን በሁለተኛው ቀን ጉንጬን አሳከከኝ፤ ቀጥሎ ሽፍታ ወጣ። ይዤ ስመለስ "ቆዳሽ ነው" አሉኝ። ደረሰኝ አልሰጡኝም ነበርና ምንም ማድረግ አልቻልኩም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ሰው ፊቱን አምኖ ነው የሚሰጠው።

ፋርማሲ_ደብረሲና፦
ወንድማችሁ ነኝ፣ የፋርማሲ ባለሙያ። እንዲህ ያለ ሽፍታ ይዘው የሚመጡ እህቶች አያለሁ፤ መልእክታችሁን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሁሉ በፊት፣ አዲስ ምርት ፊት ላይ ከመቀባታችሁ በፊት ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ውስጠኛው ላይ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ተከታተሉት። ለሰርጉ ዋዜማ አዲስ ነገር አትጀምሩ።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ስላለ ግን ፀሐዩ ሲያቃጥለን አይሰማንም። ፋውንዴሽኑ ላይ ኤስፒኤፍ (ከፀሐይ የመከላከል መጠኑ) 18 ወይም 25 ተብሎ ተጽፎ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን አትመኩበት። የተጻፈውን ያህል እንዲከላከል በጣም ወፍራም አድርጎ መቀባት ያስፈልጋል፤ ፋውንዴሽን ደግሞ ማንም እንደዚያ አይቀባም። ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ፣ ለብቻው ይቀድም። እስኪደርቅ ጠብቁና ከላዩ ፋውንዴሽን።

ማድያት ላለባችሁ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ። ሙሽራ አስዋቢዋ የጠቀሰቻቸው የብረት ኦክሳይዶች፣ ተራው ሰንስክሪን የማይከላከለውን የሚታይ ብርሃን ይቀንሳሉ። ይኼ ብርሃን ጠይም ቆዳ ላይ ማድያትን ያባብሳል። ስለዚህ ቀለሙ የገጠመ ፋውንዴሽን ከሰንስክሪን በላይ ሲቀባ፣ ርካሹም ቢሆን፣ ከውበት ያለፈ ጥቅም አለው።

ደረቅ ፊት ላይ ግሊሰሪን ጥሩ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ግን እንዳለ አትቀቡት። በውሃ አቅጥናችሁ፣ ፊታችሁ እርጥብ ሳለ ቀቡት፤ ከላዩ ቅባት ይታከልበት።

አደራ የምላችሁ ግን የሚያቀሉ ክሬሞችን ነው። ፋውንዴሽኑ እንዲያምር ብለው ከሰርግ በፊት የሚጀምሩ አሉ። በማይታወቁት ውስጥ ሜርኩሪ፣ ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን፣ ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይዱ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ሲያቆሙት ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ብጉር ይፈላል። ያ ሲመጣ የትኛውም ፋውንዴሽን አይሸፍነውም።

ጠባሴ_ነኝ፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። የማቅያውን ነገር ለእህቴም አንብቤላታለሁ፤ አንዲት ጎረቤት ጀምሪ ብላት ነበር።

እማማ_ነኝ፦
ልጆቼ፣ እንዲህ በምክክር ስትሠሩ ደስ ይላል። ስለ ቀሚሱ ማንም አላነሣም። እኔ ልጆቼን ድሬያለሁና የአንገቱን ነገር አውቃለሁ። ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል። ቀለሙ ከእናንተ ወደ ሰው ጋቢ፣ ወደ ነጠላው ጥለት ይሄዳል። ነጩ ሸማ ላይ ካረፈ በሙቅ ውሃ አትንኩት፤ ይጣበቃል። አትሹትም። ትርፉን በማንኪያ ጫፍ አንሡ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበት፣ ቆይታችሁ ከጀርባው በኩል በቀዝቃዛ ውሃ አውጡት። ጥለቱ ላይ ግን ቀለሙ እንዳይለቅ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ሞክሩ።

ማታ ስትመለሱ ደግሞ ምንም ቢደክማችሁ ፊታችሁን ሳትታጠቡ አትተኙ።

ጠባሴ_ነኝ፦
እማማ፣ ኑሩልን። ይኼን አላሰብኩትም ነበር፤ ለሚዜዎቹ ሁሉ ልኬላቸዋለሁ።

ዛሬ ሱቅ ሄጄ መጣሁ። የተባለውን ሁሉ አደረግሁ። ፊት ሚ ዴዊ ኤንድ ስሙዝ አገኘሁ፤ 330 እና 355 ነበሩ። መንጋጭላዬ ላይ ሁለቱን አስቀባሁና በሩ ላይ ቆምኩ። 355 ጥርት ብሎ ይታያል። 330 ግን አንገቴ ውስጥ ገባ። ማዶ ካለው ቡና ቤት ተቀምጬ ጠበቅሁት፤ ትንሽ ጠቆር አለ፣ ግን ያው ገጠመ። በነጭ ሶፍት ጫን ጫን አድርጌም አየሁት። ሶፍቱ ላይ ቀለም ወጣ። ፓውደር ጣል አድርጌ ስደግመው በጣም ቀነሰ፤ ጨርሶ አልጠፋም። የደብል ዌሩን ያህል አይደለም። ፊቴ ላይ ያለው መልክ ግን እውነቱን ለመናገር ከእሱ ይልቅ ይኼ ነው ያማረኝ፤ ቆዳዬን ይመስላል። የአፍንጫዬ ዳርም አልተቋጠረም።

ገዛሁት። አሁን የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ለሸዋ ሮቢት ሌላ ልግዛ?

ሙሽራ_አስዋቢ፦
አትግዢ። ለሰርጉ እሱን በፓውደር ያዢው። ለቅልቅሉ ስትወርዱ ግን ቤት ተቀብታችሁ አትሂዱ። ፊታችሁን አለስልሳችሁ፣ ሰንስክሪን ብቻ አድርጋችሁ ውረዱ፤ እዚያ ደርሳችሁ በስሱ ቀቡት። መንገዱ ላይ በተቀባ ፊት ማላብ ነው የሚያበላሸው። ሚዜዎቹ ቁጥራችሁ ከተቀራረበ ሁለት ጠርሙስ ይበቃችኋል። ግን ስፖንጅ አትዋዋሱ። ፋውንዴሽኑን በእጅ ጀርባ ላይ እየጨመቃችሁ ከዚያ በየስፖንጃችሁ ውሰዱ። ስፖንጁ እርጥብ ይሁን፣ ግን የተጨመቀ። ፎቶ ስለሚበዛ ነጭ ፓውደር አትጠቀሙ፤ በፍላሽ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀለም ያለውን።

የሸዋሮቢቷ፦
ጠቆር ያለች ሚዜ ካለች የኔን 355 ይዤ እመጣለሁ፣ አትግዙ። የምትቀቡበት ክፍል እኛ ቤት አለ፤ መስታወቱ መስኮቱ ጋ ነው፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ድንኳን ውስጥ ደግሞ በጎን መውጫው በኩል ቦታ ያዙ። እዚያ ንፋስ ይገባል።